የሐሙስ መርዶ

መርዶ መንገር የማያውቅ ሰው ያሳዝናል። ስልኩን ያነሳና «እናትሽ አርፋለች፣ ቀብሩ ነገ ነው፣ በርቺ» ብሎ ይዘጋል፤ አለቀ! ሮማ የምትኖረው ለተንኪኤል ይህን ስታስብ ዛሬም ደሟ ይፈላል። የእናቷን ሞት የሰማችው እንዲያ ነበራ። አንድ የማይረባ ያክስቷ ልጅ ከአስመራ ደውሎ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ጣቢያ ሜትሮ ስትጠብቅ ዱብ አደረገባት። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ቆማ ጮኸች። አንዲት ሴትዮ ሶፍት አቀበለቻትና ባቡሩ ሲመጣ ተሳፍራ ሄደች። ደግፎ የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ መርዶ ለጠላቴም አይድረስ ትላለች።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ እሁድ አመሻሽ የኮንቴሳን ስልክ ያነሳችው ይህችው ለተንኪኤል ናት።

ኮንቴሳ ኤሌኖር ደ ቫልክሬ የምትንከባከባቸው ባለማዕረግ አሮጊት ናቸው። ባዳንቴያቸው ናት፤ ታበላቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ እዚያው ታድራለች። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡ የጥንት መኳንንት ዘር ናቸው። ሮማ ያመጣቸው ባል ነው፤ ባልየው ከሞተ ቆየ፣ ወዳጆቻቸውም ተራ በተራ አለቁ። የቀራቸው ቲቦ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ከአባት አገር መሬት በተረፈችው ቁራሽ ላይ ብቻውን ይኖራል። እሱ ታዲያ በየእሁዱ ይደውላል። ኮንቴሳ ጠጉራቸውን አስበጥረው፣ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይጠብቁታል። በስልክ ለሚመጣ ልጅ!

የዚያን ዕለት ግን የደወለው ቲቦ አልነበረም፤ የወንድማቸው ልጅ ነው።

«ቲቦ ዛሬ ጠዋት ልቡ ቆመ» አላት። «ቀብሩ ረቡዕ ነው። አክስቴ መቼም በዚህ ዕድሜ መምጣት አይችሉም። ሲመችሽ ንገሪያቸው።»

ሲመችሽ! እንዲያው ሰው አፍ ስላለው ብቻ ይናገራል?

«ቲቦ ነው?» ኮንቴሳ ከሳሎን ተጣሩ።

ለተንኪኤል ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች «አይ፣ ተሳስተው ነው» አለች።

ምን ታድርግ? ለብቻቸው ተቀምጠው ልጅዎ ሞተ ልትላቸው? ክንዳቸውን የሚይዝ ዘመድ የለ፣ ደረት የሚመታ ጎረቤት የለ። እሷ አንዲት ሴት ናት፤ አንድ ሰው ለቅሶ ይሆናል? ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የምታገኛቸውን ወዳጆቿን ሰብስባ እንዳትመጣ፣ ሁሉም እንደሷ ሰው ቤት አዳሪ ናቸው፤ የእሁድ ዕረፍታቸውም አልቋል። ቀጣዩ ሐሙስ ከሰዓት ነው። አገር ቤት መርዶ ጎህ ሲቀድ ይነገራል፤ ሮማ ላይ ግን መርዶም ዕረፍት ይጠብቃል።

ለትበርህ ደወለች። ትበርህ ከሁሉም ታላቅ ናት፣ የስንቱን መርዶ ነግራለች። «ሐሙስ እንመጣለን» አለቻት። «እስከዚያው አፍሽን ያዢ። እህል ይቅመሱ፣ እንቅልፍ ይተኙ።»

አፏን ያዘች። ቀላል እንዳይመስላችሁ! ኮንቴሳ ከሰኞ ጀምሮ ስለ ዘራቸው ማውራታቸውን አልተዉም፤ እንደ ወትሮው ጎቲዬን አነሱ። ጎቲዬ ደ ቫልክሬ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የዘር አባታቸው ነው፤ ትከሻው ላይ መስቀል አሰፍቶ ኢየሩሳሌምን እይዛለሁ ብሎ የዘመተ ባላባት። ሊሄድ ሲል ለአገሩና ለሚወዳት ሴት የስንብት ዘፈን ገጠመ፣ ዜማውንም ራሱ አወጣ።

ለተንኪኤል ይህን መጀመሪያ ስትሰማ ሳቋ አምልጧት ነበር። «በእኛ አገር መኳንንት አዝማሪ ያዘፍናል እንጂ ራሱ ይዘፍናል እንዴ?»

«በእኛ ግን ፈረስ ከመጋለብ ጋር የሚማሩት ነበር» ብለዋት አብረው ሳቁ።

ጎቲዬ አልተመለሰም። ግጥሙ በብራና ተጽፎ ቀረ፤ ለዜማው የተሰመረው መስመር ግን ባዶ ነው፣ የዜማ ምልክት የሞላበት የለም። ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ነው የመጣው። ከቤቱ ሰው ሲሞት ሣጥኑ ሳይዘጋ የቅርብ ዘመድ ይዘፍንለታል። ኮንቴሳ ለአባታቸው ዘፍነዋል፣ ለወንድማቸውም ዘፍነዋል። «ለእኔ ደግሞ ቲቦ ይዘፍንልኛል፣ አስተምሬዋለሁ» ይላሉ። ዜማውን የሚያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ።

ለተንኪኤል ታዲያ ይህን እያወቀች እንዴት ዝም አለች? አስባው ነበር እኮ! ግን የወንድማቸው ልጅ ራሱ «መምጣት አይችሉም» ብሎ የለ? ዱላ ይዘው ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመድረስ መሐል ላይ ቆመው ትንፋሽ የሚወስዱ ሴትዮ ፈረንሳይ ድረስ በምን ይሄዳሉ? እንዲህ ብላ ሐሳቧን ዘጋችው፤ ዋናው ብቻቸውን አለመስማታቸው ነው አለች።

ኮንቴሳ ግን የቲቦን ስልክ ጠበቁ። ማክሰኞ ኮረፉ። ረቡዕ ጠዋት ቁጣቸው ገነፈለ።

«ውለታ ቢስ!» አሉ ሾርባውን እየገፉ። «ለእናቱ አምስት ደቂቃ የለውም? ድሮም ለራሱ እንጂ ለሰው አስቦ አያውቅም። ሲደውል አላናግረውም። ሞታለች በይው!»

«ኧረ ኮንቴሳ፣ እንዲህ አይበሉ፣ ተዉ በእግዚአብሔር!»

«እላለሁ! ልጅ አይደለም እሱ፣ ድንጋይ ነው።»

ለተንኪኤል ወጥ ቤት ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ነገ ነው፣ ነገ ነው አለች ለራሷ። አንድ ቀን ብቻ።

ሐሙስ ከሰዓት ትበርህ፣ ጣይቱና ሌሎች ሦስት ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እኛ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚያው በር ላይ ያልቃል፤ ሰው እንዲያ ተሰብስቦ ሲመጣ ያየ ሁሉ «ማን ነው?» ብሎ ይጮኻል። ኮንቴሳ ግን ፊታቸው በራ።

«እንግዶች!» አሉ ወደ ለተንኪኤል ዞረው። «ሌቲ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ግቡ፣ ግቡ! ይህ ቤት ሰው ካየ ስንት ዘመኑ!»

ጉድ ፈላ። ሴቶቹ በሐር ወንበሮቹ ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኮንቴሳ የጎቲዬን ታሪክ እያወሩ መርከብ አሳፈሩት፣ አዘመቱት፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው ለተንኪኤል አይታቸው አታውቅም። ጣይቱ ወለሉን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ማን አፉን ይክፈት? በመጨረሻ ትበርህ አልቻለችም፣ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ኮንቴሳ ወሬያቸውን አቁመው በዱላቸው ተነሡ። ሄደው ትከሻዋን አቀፉ። «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። ማን ሞቶብሽ ነው?»

ይኼኔ ሁሉም አለቀሱ። ለተንኪኤል ከእግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«የሞተው የእርስዎ ነው፣ ኮንቴሳ» አለች። «ቲቦ ነው።»

ኮንቴሳ እጃቸውን ከትበርህ ትከሻ አላነሱም። «መቼ?» አሉ።

«እሁድ።»

«ቀብሩስ?»

«ትናንት።»

«ማን ዘፈነለት?»

ለተንኪኤል አንገቷን ደፋች። «ማንም የሚያውቅ የለም። ደግሞ እርስዎ መሄድ...»

«በስልክ እዘፍንለት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ስልኩን ሣጥኑ ላይ ያደርጉልኝ ነበር።»

ይህ ጨርሶ አልታሰባትም። የልጃቸውን ድምፅ በየእሁዱ በዚያ ስልክ ስታሰማቸው ኖራ፣ የእሳቸውንም ድምፅ ስልኩ እዚያ ሊያደርስ እንደሚችል አልታያትም። አንጀት የሚበላ ነገር ነው። «ብቻዎን እንዳይሰሙ ብዬ ነው!» አለች እየጮኸች። «እኔ የእናቴን ብቻዬን ሰምቼ ስለማውቀው ነው፣ እመብርሃንን!»

«ብቻሽን ሰማሽ» አሉ ኮንቴሳ። «በቀብሯ ቀን ግን አልቅሰሽላታል። እኔ በልጄ ቀብር ቀን ስሰድበው ዋልኩ።»

ዱላቸውን ይዘው መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ ልትደግፋቸው ብትል እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቁልፉ ከውስጥ ዞረ።

«ብቻቸውን አትተያቸው!» አለች ትበርህ። ምን ታድርግ፣ በር ትስበር? ሴቶቹ እስኪመሽ ተቀመጡ፤ ሐዘንተኛው በሌለበት ሳሎን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለቀሱ። ከዚያ አሠሪዎቻቸው ይጠብቋቸው ነበርና አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ።

ለተንኪኤል በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም፤ ለቅሶ የለም፣ ኮሽታም የለም። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደገፈች።

«ኮንቴሳ፣ ብቻዎን አይደሉም» አለች። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ከበሩ ወዲያ መለሱላት።

«ልጄም ትናንት ብቻውን ነበር።»