ሮዝ የለበሱ መዘምራን

የግቢው ሰው «በረኪና» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችላት ደግሞ የገዛ ልጇ ናት። ምን ታድርግ፣ እናትየው ከበሩ ማዶ ትሸታለች!

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመዘምራኑን ነጭ ጋውን በእጇ ስታጥብ ኖራለች። የጀመረችው የበኩር ልጇ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። ያኔ ጠዋት ለምን እንደምትነሳ ጠፍቷት ጣራ ጣራ ስታይ ነበር የምትውለው። የመዘምራኑ መሪ አንድ ከረጢት ጋውን ይዛ መጣችና «እህቴ፣ እስቲ ይቺን ለጌታ ብለሽ» አለቻት። አጠበች። በነጋታውም ተነሳች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ የምትነሳው ለዚያ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉድ ፈላ። መሪዋ እንዲያምርባቸው ብላ በየጋውኑ ላይ ቀይ ኮሌታ አሰፍታ ነበር። በረኪና ቀዩን አይታዋለች፤ አላየሁም ብትል ውሸቷን ነው። ግን ጌታ ለብ ያለ ነገር አይወድም ተብላ የተማረችውን እስከ ሳፋዋ ድረስ ይዛው ወርዳለች። የፈላውን ውሃ ቸለሰችበት። ቀለሙ ለቀቀ። እሑድ መዘምራኑ እንደ ከረሜላ ሮዝ ሆነው ቆሙ፤ ልጅቷ በሳቅ ሞተች።

መሪዋ በረኪና ስትወጣ ጠብቃ እጇን ያዘቻት። «ደክመሻል እህቴ። ከእንግዲህ ላውንደሪ እንሰጠዋለን፤ አንቺ አረፍ በይ።»

ሰኞ ከአልጋ አልወረደችም። ማክሰኞም እንደዚያው።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ!»

«ለምን ብዬ?»

ልጅቷ ሻይ አፍልታ አጠገቧ አስቀመጠችና ወጣች። ረቡዕ ግን አላስቻላትም። «የጌታ ሰው መዘምራን ብቻ ነው እንዴ? ሾፌሩ እዚሁ ጎናችን በሽንታቸው እየረጠቡ አይደል የሚያድሩት?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ባለጌ!»

ልጅቷ ግን እውነቷን ነበር። አሮጌው ሾፌር ግማሽ አካላቸው ከተያዘ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋውኑን ታቅፋ በመስኮታቸው ስር ስታልፍ፣ ሽታው እንዳይነካባት ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ተነስታ ሄደች።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ ሾፌሩ በጣመመ አፋቸው።

«አንሶላዎን ላጥብልዎ።»

«ሦስት ዓመት የት ነበርሽ? መዘምራኑ ሲያባርሩሽ ነው ጌታሽ ወደ እኔ የላከሽ?»

«አዎ፣ አባረውኛል» አለችና አንሶላውን ከስራቸው ሳበች። ሽታው ዓይኗን አስነባት። ወይም ሽታው አልነበረም።

ሳፋው ላይ ጎንበስ እንዳለች ጌታ ያጠበው እግር መሆኑ ትዝ አላት። ጋውን አጠበ የሚል የትም አልሰማችም። እግር ደግሞ በዚያው ቀን ተመልሶ ይቆሽሻል፤ ለብሶት የሚዘምርም የለም። «እነዚያን ሦስት ዓመታት ይቅር በለኝ» አለች። ምንም አልተሰማትም፤ እጇ ብቻ በበረኪናው ተቃጠለ።

ሐሙስ ልጅቷ ስትነቃ የእናቷ አልጋ ባዶ ነው። ሾፌሩ የታጠበላቸውን አንሶላ እንደ ልማዳቸው አርጥበውታል።

«ደግሞ መጣሽ?»

«ደግሞ መጣሁ። በሉ፣ ወደ ግድግዳው ዞር ይበሉልኝ።»