የቦይለሩ ኳኳታ

ሥራነሽ በየማለዳው የቦይለሩን ማብሪያ ትጫናለች። ውሃው መሞቅ ሲጀምር ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ኳ... ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ የያዘችው ሽንኩርት ይሁን መጥረጊያ ግድ የላትም፤ ጥላው ትሮጣለች። «መጣሁ እናቴ፣ መጣሁ!» ትላለች። እዚያ ደርሳ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች የሆዷን ታወራለች፤ ቦይለሩም ሞቆ እስኪያበቃ ድረስ ያንኳኳላታል።

ባሏ መሪጌታ ፍሥሐ ይህን በሰማ ቁጥር መጽሐፉን ከድኖ ወደ ጉባኤ ቤቱ ይወጣል። የቅኔ መምህር ነው፤ ከደብረ ወርቅ መጥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲያስተምር ነው የሸበተው። ከሙታን ጋር ማውራት ምን እንደሚባል ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሚስቱን በዚያ ስም ለመጥራት ግን አፉ አልታዘዘለትም።

ማርያማዊት አንድ ልጃቸው ነበረች። በሽታው አልጋ ላይ ሲጥላት መጣራት አቅቷት፣ እናቷን ስትፈልግ የመኝታ ቤቷን ግድግዳ በቀለበቷ ታንኳኳ ነበር። ቦይለሩ የተሰቀለው ከዚያው ግድግዳ ጀርባ ነው። የማርቆስ ብርድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሮ ልጄን አያንቀጥቅጥብኝ ብሎ ፍሥሐ ራሱ ነበር የገዛላት። ካለፈች በኋላ ቦይለሩ ጥቂት ወራት ዝም ብሎ ከረመና አንድ ቀን ማንኳኳት ጀመረ።

ለጎረቤት ይህ እንቆቅልሽ አልነበረም። ወደዚያ ሰፈር የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ጠባዩ የታወቀ ነው። ሳሙና አረፋ አልሰጥ እያለ ሰዉን ያማርራል። የውሃ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ የእንፋሎት ካውያውም ለቅዳሴ ብለው የሚተኩሱት ነጠላ ላይ ነጭ ነገር ይተፋል። ፍሥሐም ይህንኑ ደጋግሞ ነግሯታል።

«ውሃው ነው ሥራነሽ። ልጃችንማ በአምላኳ እጅ ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «ከነጋ እስኪመሽ ተማሪዎችህን ሰሙን ተዉት፣ ወርቁን ፈልጉ ስትል ትውላለህ። የገዛ ልጅህ ስትጠራ ጊዜ ቆርቆሮ ነው ትለኛለህ?»

እውነቱን ለመናገር እሱም ይፈራ ነበር። የቱ ላይ ቆም እንደሚል፣ የቱ ላይ እንደሚፈጥን ጆሮው ለይቶታል፤ የማርያማዊት ማንኳኳት ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈሰም፤ ለንስሐ አባቱም ቢሆን።

ነገሩ የከፋው ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ነው። ዘመድ አዝማድ ከደብረ ወርቅም ከይጁቤም እንዲመጣ ተነግሮታል፤ ጠላው ተጠንስሷል። ሥራነሽ ግን አሻፈረኝ አለች።

«ቤቷ ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም። ደግሞስ እኔ በሌለሁበት ብትጠራኝስ? የትም አልሄድም።»

ከደጃፍ መውጣት ካቆመች ወራት አልፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ቀርቷል። ያን ቀን እንኳ ከቀረች ከእንግዲህ የሚያወጣት ኃይል እንደሌለ ፍሥሐ ገብቶታል። ልጁን ቀብሯል። ሚስቱን ደግሞ በቁሟ ለግድግዳ መስጠት አልሆነለትም። ስለዚህ ሳይነግራት ዓለምነው የሚባል ቦይለር ጠጋኝ ጠራ።

ዓለምነው ወሬ የማይጠግብ ሳቂታ ጎልማሳ ነው። መብራቱን አጠፋ፣ ውሃውን አንጠፈጠፈ፣ ከታች ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ ማሞቂያውን ብረት ስቦ አወጣው። ብረት ግን አይታይም። ነጭ፣ ሸካራ፣ የቀጭን ሰው ክንድ የሚያህል ነገር ሆኗል። ከቦይለሩ ሆድ ደግሞ ነጭ ስብርባሪ እየተንኮሻኮሸ ሳፋው ላይ ወረደ።

ሥራነሽ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላዩአትም። ፍሥሐ አሁን ጮኻ ታባርረዋለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ በለሆሳስ ጠየቀች።

«የሚያንኳኳው ለምንድን ነው?»

ዓለምነው ቀና እንኳ አላለም። «ሌላ ምንም የለም እማማ፤ ውስጡ ኖራ ነው።»

የፍሥሐ ጆሮ ሰምና ወርቁን ለየ። ሰሙ ግድግዳ የሚለቀለቅበት ነጭ ድንጋይ ነው። ወርቁ ግን ልጁ ነበረች፤ ውስጡ ኖራ፣ እዚያ ከርማ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምር እንዲህ ያለ ኅብር ቃል ሰምቶ አያውቅም። የተናገረው ሰውዬ ደግሞ ምን እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ብሎን ይለቅማል።

ሥራነሽም ሰምታለች። የመሪጌታ ሚስት ኅብር አያመልጣትም። ዓይኗን ባሏ ላይ ተከለች።

«ይበል አትለውም?»

ጥሩ ቅኔ ሲሰማ ጉባኤው «ይበል!» ይላል፤ መምህሩ ይበል ካለ ቅኔው ጸደቀ ማለት ነው፣ የሚመልሰው የለም። ፍሥሐ በዚህ ቃል ቀልዶ አያውቅም። ለማይገባው ሰጥቶ፣ ከሚገባውም ነፍጎ አያውቅም። አሁን ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል። ካወጣው ሚስቱ ከዚህ ግድግዳ ንቅንቅ አትልም።

«ጥረገው፣» አለው ዓለምነውን።

ዓለምነው ፈቀፈቀ፣ በአሲድ አጠበ፣ ነጩን ሁሉ ወደ ፍሳሹ ደፍቶ ቦይለሩን ገጠመው። ማብሪያው ተጫነ። ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ውሃው ሞቀ፤ ኮሽታ የለም።

«ሄደች፣» አለች ሥራነሽ። እዚያው እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ በቀብሩ ቀን ደርቆባት የነበረውን ለቅሶ አለቀሰች። ሲወጣላት ዓይኗን ጠራርጋ ቀና አለች። «ለእሁድ ድንኳን ይዘሃል?»

ፍሥሐ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የፈለገው ይህንኑ አልነበር? ደስታው ግን እምቢ አለው። ዓለምነውን እስከ ውጭ በር ሸኘውና እንደ ዋዛ ጠየቀው።

«ኖራው ተመልሶ ይጋገራል እንዴ?»

«በዚህ ውሃ? እንዴታ! አዲስ ውሃ እየገባ በሞቀ ቁጥር ይብስበታል። ቆጠብ አድርጋችሁ ተጠቀሙ የኔታ።»

እሁድ ሥራነሽ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ፍትሐቱን ቆማ አስፈጸመች። ድንኳኑ ውስጥም «ብሉ እንጂ፣ ጠጡ እንጂ» እያለች ስትዞር ሰው ሁሉ እሰይ አለ። ተማሪዎቹ ለማርያማዊት ቅኔ ተቀኙ። አንዱ በጣም ያማረ ነበርና ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሮ ይበሉን ጠበቀ። ፍሥሐ ይበል ሳይል ተነሥቶ ከድንኳኑ ወጣ።

መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ፣ ካባውንም ጥምጥሙንም ሳያወልቅ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሙቁን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተው። አንዲት ቃል ነፍጎ ልጁን ሁለተኛ የቀበረ መሰለው፤ ይህም ከመጀመሪያው ቀብር ይልቅ አንገበገበው።

ሥራነሽ ፈልጋ ፈልጋ እዚያ አገኘችው። እንፋሎቱን በእጇ ገለጥ አድርጋ አየችው። ውሃው በከንቱ ይፈስሳል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አዲስ ውሃ እንዲገባ ነው።»

ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ፤ አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻውን ያዘችው።

«ፍሥሐ፣ ዛሬ እኮ ተዝካሯን አወጣን።»

«አውቃለሁ፣» አላት፤ ቧንቧውን ግን አልዘጋውም።