በሰባተኛው ዙር የታቀፈው ሰው

ራስል ሆለንቤክ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ያየውን ማመን አቃተው። ታች፣ ሜዳው ዳር ባለው የተቀያሪዎች መቀመጫ፣ ዌንደል ፕሩዊትን እያቀፉት ነበር። መጀመሪያ አሰልጣኙ አቀፈው፤ ከዚያ ሌሎቹ በየተራ እየተነሱ አቀፉት።

በቤዝቦል ዓለም የዝውውር መዝጊያ ቀን ላይ ከጨዋታ መሀል ተቀይሮ የሚታቀፍ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ተሽጧል ማለት ነው። ይህን ከሕፃን እስከ አዋቂ ያውቀዋል። ሠላሳ ሺህ ተመልካች ብድግ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። በትልቁ ስክሪን ላይ የፕሩዊትን መለያ የለበሰች ሴት ዓይኗን ስትጠርግ ታየች።

ችግሩ፣ ፕሩዊት ገና አልተሸጠም።

“እኔም ቴሌቪዥን አለኝ፣ ራስል” አለ በስልኩ ማዶ ያለው የገዢው ክለብ ሥራ አስኪያጅ። “ሸኝታችሁታል። ከሸኛችሁት በኋላ ነገ መልሰህ አታሰልፈውም። በፕሩዊት ልዋጭ ልሰጥህ የነበረውን ልጅ፣ ኳስ ወርዋሪውን፣ ከድርድሩ አውጥቼዋለሁ፤ በምትኩ ሌላ ሁለት ሰው እሰጥሃለሁ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አስብበት።” ዘጋው።

ራስል ለዚያ ልጅ ሦስት ወር ደክሟል። የክለቡ ባለቤት ሚስተር ኦስትራንደር በጸደይ ላይ በግልጽ ነግረውት ነበር፤ ይህ ልጅ ካልመጣ ለክለባቸው ለሄሮንስ ሌላ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይፈለጋል።

በክለቡ ውስጥ ድርድሩን የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው። እሱ ራሱ፣ ኦስትራንደር፣ ከጠዋት ጀምሮ ከጎኑ ያልተነሳችው ምክትሉ ናዲን፣ እና አሮጌው ተጫዋች መልማይ ኦርቪል ታኬት። ፕሩዊትን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ካንሳስ ገጠር ውስጥ አይተው ያመጡት ኦርቪል ናቸው። ራስልንም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከቲኬት መሸጫው መስኮት አንስተው ይህን ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሣሩ ላይ የፕሩዊትን ትከሻ ይዘው ሲያወሩ ራስል በዓይኑ አይቷል።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ምስጢር ጋዜጣ ላይ ወጥቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ ራስል ሰው ፊቱ ሲስቅ እንኳ ለምን ሳቀ ማለት ጀምሯል። ለጥበቃ ክፍሉ ደወለና የኦርቪልን የበር ካርድ እንዲዘጉ አዘዘ። ሽማግሌውን ያስጠራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ኦርቪል የገለባ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠሙ ገቡ።

“ጠዋት ዌንደልን ምን አሉት?”

“ጉልበትህ እንዴት ነው አልኩት። እናቱንም ጠየቅኩት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ፀሐዩ በረታብኝ፤ ጥላ ፈለግኩ።” ልጣጩን በያዙት የወረቀት ኩባያ ውስጥ ተፉ። “እየመረመርከኝ ነው እንዴ?”

“አራት ሰው ነው የሚያውቀው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው እውነት ነው ለካ።”

ናዲን ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች። ራስል ይቆጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ሜዳውን ቁልቁል አዩና፣ “ከጨዋታው ማን አስወጣው?” አሉ።

“አሰልጣኙ ነዋ።”

“አሰልጣኙንስ ማን አዘዘው?”

ያዘዘው ራሱ ራስል ነበር። ከጨዋታው በፊት ለአሰልጣኙ ደውሎ፣ ፕሩዊትን ከስድስተኛው ዙር በኋላ ቀይረው፣ እግሩን ያሳርፍ ብሎት ነበር። ድርድሩ ሳያልቅ ሰውየው ቢጎዳ ሁሉም ነገር ይበላሻል ብሎ ፈርቶ ነው። ስለ ዝውውሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በጥንቃቄውም ኮርቶ ነበር።

“ሰውየው ዛሬ ሁለቴ አሳምሮ መትቷል” አሉ ኦርቪል። “እግሩ ደህና፣ ወገቡ ደህና። በመዝጊያው ቀን ያለ ምክንያት ና ውጣ አልከው። የቡድኑ ልጆች ዓይን የላቸውም? ማንም አልነገራቸውም፣ ልጄ። አንተ ነህ የነገርካቸው።”

ራስል ጆሮው ጋለ። እንዲያም ሆኖ ጥርጣሬው ወዲያው አልለቀቀውም፤ ሽማግሌው ይህን ያሉት ራሳቸውን ለማዳን ቢሆንስ? ወደ ናዲን ዞረ።

“እኔም ልነግርህ አስቤ ነበር” አለች። “ግን ሰሞኑን ምክር የሚሰጥህን ሁሉ ነው የምትጠረጥረው።”

ኦርቪል ተነስተው ወጡ። ከመስታወት የተሠራው የኮሪደሩ በር ጋ ደርሰው ካርዳቸውን አስጠጉ፤ ቀይ መብራት በራ። በሸሚዛቸው ጠርገው ደገሙት፤ አሁንም ቀይ። ራስል ሁሉንም እያየ ከመቀመጫው መነሳት አቃተው። ሽማግሌው ተመልሰው መጡና ፊቱን አዩት።

“ከመጠየቅህ በፊት ነው የዘጋኸው?”

“አዎ” አለ ራስል። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ኦስትራንደር ናቸው፤ ድምፃቸው ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል። “ያወራውን ሰው ስም ብቻ ስጠኝ። ዛሬውኑ ይባረራል፤ እኔና አንተ ግን ሥራችንን እንቀጥላለን።”

ኦርቪል ወደ ደረታቸው ጠቆሙ። “እኔን በለው” አሉ በሹክሹክታ። “ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ካርዴም እንደሆነ ተዘግቷል።”

ቀላል ነበር። ኦስትራንደር ያምናሉ፤ ራስልም ወንበሩ ላይ ይቆያል፤ ሁለቱ ሴት ልጆቹም ዩኒቨርሲቲያቸውን ይጨርሳሉ። ስሙ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

“ማንም አላወራም፣ ሚስተር ኦስትራንደር” አለ። “ፕሩዊትን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።”

ኦስትራንደር “ነገ ጠዋት ቢሮዬ እንገናኝ” ብለው ዘጉት።

ራስል ናዲንን፣ በዚያ ዋጋ አንሸጥም ብላ ለገዢው ክለብ እንድትደውል ነገራት። ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ ለኦርቪል ሰጣቸው።

“እርስዎ ይክፈቱልኝ። ዌንደል ሻንጣውን ሳይዘጋ ልድረስበት።”

አብረው እስከ በሩ ሄዱ። አረንጓዴው መብራት በራ፤ ኦርቪል በሩን ይዘው ቆሙ።

“አንተ ቅደም” አሉት። “ከኋላዬ ስትሆን እጠረጥርሃለሁ።”

ራስል ቀደመ።