ጀላሉዲን ከመብረዝ የቀረ ሰሞን

ጀላሉዲን ሲጋራ ሊተው መሆኑን ከሚስቱ ከሐምዲያ በቀር አንድም ሰው እንዲያውቅበት አልፈለገም። ደግ አደረገ እንዳልል ኋላ ያመጣበትን መዘዝ አውቃለሁ፤ ክፉ አደረገ እንዳልልም አንጀቴ አይችልም። ሰውዬው ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ‹‹ተውኩ! ለሁልጊዜው ተውኩ!›› እያለ የጅቡቲ ሰፈሩን ካርቲየ 3ን በአዋጅ አናውጧል። በረመዳን ይተዋል፣ የዒድ ጨረቃ ስትታይ ይጀምራል። ጓደኞቹ እስኪበቃቸው ስቀውበታል። እንዲያውም ነገ እመጣለሁ ብሎ የሚቀር ሰው ሁሉ በሰፈሩ ‹‹የጀላሉዲን ሲጋራ›› ይባል ነበር። ስሙ መተረቻ የሆነበት ሰው ደግሞ እንደገና አዋጅ ማስነገር ያሳፍረዋል።

የአሁኑ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ድሬዳዋ የተዳረችው ልጁ ሀያ አርግዛለች፤ መውለጃዋም ተቃርቧል። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ በነሱ ወግ ይህ አያከራክርም። ሀያ ግን አስም አለባት። ከሕፃንነቷ የጀመራት ነው፤ ሐምዲያ ሲከፋት ‹‹ከአባቷ ቤት ይዛው የወጣችው ንብረት ይኸው ነው›› ትላለች። እና ሀያ አንድ ቀን ለእናቷ ስልክ ደወለች። የሐምዲያ ሞባይል ጯሂ ስለነበር ጀላሉዲን አጠገቧ ሻይ እየጠጣ ሁሉንም ሰማ።

‹‹እማ፣ አንቺ ጋ መውለድ እፈልጋለሁ። ሐኪሙ ግን ጭስ ያለበት ቤት እንዳትገቢ ብሎኛል። አባ ካላቆመ እዚሁ አማቼ ጋ እወልዳለሁ። ደግሞ ‹ተውኩ› ብሎ እንዳይዋሸኝ። ውሸቱ ከጭሱ ይብስብኛል።››

ጀላሉዲን ሻዩን አልጨረሰውም። የሰው አፍ አይደለም ያስጨነቀው፤ ‹‹ልጁ በባሏ ዘመዶች ቤት ወለደች›› ቢባል ተብሎ ያልፋል። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ልጅ የሱን ቤት አየር መፍራቷ ነው። ‹‹ትምጣ በያት፤ እስክትመጣ እተወዋለሁ›› አለ ለሚስቱ። ሐምዲያ የተረፈውን ሻይ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስንቱን እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ ትመልስ?

‹‹ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው›› ይባላል። መከራው መከረውና ዝግጅቱን ተያያዘው። ከድሬዳዋ ጎረምሳነቱ ጀምሮ ያጨሰ ሰው ነውና ሲጋራዎቹን እንደ ዘመድ ለይቶ ያውቃቸዋል። ከሱብሒ ሰላት በኋላ የምትለኮሰዋ ነበረች፣ ከቁርስ ሻይ ጋር የምትመጣዋ ነበረች፣ የጨርቅ ሱቁን በር ከፍቶ ደንበኛ እስኪመጣ ጊዜ የምትገፋለትም ነበረች። እነዚህን በየተራ ተሰናበታቸው። ቅርንፉድ አኘከ፣ ውኃ ጠጣ፣ ከረሜላ መጠጠ። ነገሩ ግን በነፃ አላለፈም። አንዲት ሴት ድሪያ የሚባለውን ስስ የቀሚስ ጨርቅ ስታማርጥ ‹‹ወይ ግዢ፣ ወይ ውጪ!›› ብሎ ጮኸባትና፣ ወዲያው ደንግጦ እስከ ገበያው ድረስ ተከትሏት ይቅርታ ጠየቃት። ሴትዮዋ አሳዝኗት ‹‹አሞሃል እንዴ ወንድሜ?›› አለችው። አዎ፣ አሞት ነበር።

እምቢ ያለችው የጫቷ ሲጋራ ናት። ሰው ጫት ሲቅም ምርቃናው ከፍ ባለ ቁጥር እጁ ወደ ፓኮው ይሄዳል፤ አንዷ ሳታልቅ ሌላዋ ትለኮሳለች። ጀላሉዲን ይህን ሞክሮት ያውቃል፤ የተወባቸው ጊዜያት ሁሉ የፈረሱት እዚያ፣ በመብረዝ ውስጥ ነው። መብረዝ ጅቡቲዎች ጫት የሚቃምበትን ክፍል የሚጠሩበት ስም ነው። የነሱ መብረዝ የሽቶ ነጋዴው የኒዛር ቤት ፎቅ ላይ ነበር፤ ከዶራሌ ወደብ መኪና የሚያሰማራው ባንቴ፣ ሐጂ ሙሐመድኑር፣ ሌሎችም እዚያ ይገናኛሉ። ስለዚህ ጀላሉዲን ሲጋራውን ለመተው አስቀድሞ መብረዙን ተወ። ሀያ የምትገባበትን ቀን ደግሞ አንድም የማይነካበት የመጀመሪያ ቀን አደረገው።

ወገኖቼ፣ በጅቡቲ ከቀትር በኋላ የማይቅም ሰው የት ይሄዳል? ጫቱ ከተማ ሲገባ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ የሚያናግሩት ሰው ይጠፋል። ጀላሉዲን መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ሄዶ ቆመ። ባሕሩ ዝም አለው። ቀጥሎ ቀለምና ብሩሽ ገዛና የቤቱን ትልቁን ክፍል፣ ሀያ የምትተኛበትን፣ በገዛ እጁ መቀባት ጀመረ። ጣሪያው ከስንት ዓመት ጭስ የተነሳ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሲፈገፍገው ጨርቁ ላይ የወጣውን ቡናማ ቅባት አይቶ መሰላሉ ላይ እንደቆመ አለቀሰ፤ ይሄ ጣሪያውን እንዲህ ካደረገ የልጄን ሳንባ ምን አድርጎት ይሆን ብሎ። ሐምዲያ ከታች ሆና አየችው። መሰላሉን ያዘችለት።

ወዲያ ማዶ በመብረዙ ግን ሌላ ጉድ እየተቦካ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በመብረዝ ሕግ ዝምታ ኩርፊያ ነው። አንድ ቀን የቀረ ሰው ታሞ ይሆናል፤ ሁለት ቀን የቀረ መንገድ ሄዶ ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ተቀይሟል። ባንቴ ወደ ሐምዲያ ደውሎ ‹‹ጀላሉዲን ምን ነካው?›› ብሎ ሲጠይቅ፣ እሷም ምስጢር አላወጣም ብላ ‹‹ኧረ ደህና ነው›› አለችው።

‹‹ደህና ከሆነማ ተቀይሞናል›› አለ ባንቴ ስልኩን እየዘጋ።

ሁሉም ወደ ኒዛር ዞሩ። ኒዛር ከጀላሉዲን ጋር ድሬዳዋ አብሮ ያደገ፣ በአንድ ባቡር ጅቡቲ የገባ ሰው ነው፤ አፉ ግን ልጓም የለውም። ጀላሉዲን ፊት ለፊት ያሉትን ጥርሶቹን ሲጋራ ጨርሶበት ሰው ሠራሽ አስተክሎ ነበርና፣ መጨረሻ በመጣበት ቀን ኒዛር ‹‹ለጀላሉዲን ጫቱን በሙቀጫ ውቀጡለት!›› ብሎ ቤቱን አስቆ ነበር። ጀላሉዲንም ከሁሉ አብልጦ ስቋል። አሁን ግን ያ ሳቅ የተከፋ ሰው ሳቅ መሰላቸው። ኒዛር እንቅልፍ አጣ። ‹‹በጥርሱ ምን አገባኝ! የኔን ጥርስ ያውልቀው!›› እያለ ሐጂን እግራቸው ሥር ወድቆ አስታርቁኝ አለ።

ሐጂ ሙሐመድኑር የሽምግልናውን ቀን ሲቆርጡ ሀያ የምትገባበትን ያችኑ ቀን ቆረጡ። ምን ያድርጉ፣ አያውቁ።

በዚያን ቀን ጀላሉዲን ከንጋት ጀምሮ ምንም አልነካም። ቀለሙ ደርቋል፣ መጋረጃው ታጥቦ ተሰቅሏል፣ መተርኮሻዎቹ ተለቅመው ተጥለዋል። ሐምዲያ ጋቦዴ ሰፈር ወዳለችው ወደ እህቱ ወደ ጀዋሪያ ሄዳ የሕፃን አልጋ ልታመጣ ወጥታለች። ሐራራው ጆሮው ውስጥ እየጮኸ፣ እጁ የሚይዘው አጥቶ፣ አንዱን ትራስ ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ሐጂ ሙሐመድኑር ከፊት፣ ባንቴ ከኋላ፣ ኒዛር አንገቱን ደፍቶ ከመሐል።

‹‹አሰላሙ ዐለይኩም›› አሉ ሐጂ፣ ጫማቸውን አውልቀው እየገቡ። የክፍሉን አዲስነት እንኳ ልብ ያለው አልነበረም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ባንቴ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት መሐል ላይ አኖረ። ከጎኑ ደግሞ አንድ ስቴካ ሲጋራ፣ ጀላሉዲን ዕድሜውን ሙሉ ያጨሰውን ዓይነት፣ አስቀመጠ። የካሳው ማዕድ መሆኑ ነው።

‹‹ጀላሉዲን ወንድሜ›› አሉ ሐጂ፣ ‹‹ወንድምህ ኒዛር በድሎሃል።››

‹‹ኧረ እኔ ማንንም አልተቀየምኩም!››

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቀየመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አልተቀየምኩም ያላለ ቅያሜ ታይቶም አይታወቅ። ‹‹እናውቃለን፣ ትልቅ ሰው ነህ። ለኛ ስትል ግን አውፍ በለው።››

ጀላሉዲን እንግዲህ መናገር ግድ ሆነበት። ‹‹ሐጂ፣ ይስሙኝማ። የቀረሁት ሲጋራ ልተው ብዬ ነው።››

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባንቴ ዓይኑን ጠረገ። ‹‹ተመስገን! እንዲህ ከቀለደማ ታርቋል!›› አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሲገልጠው ደግሞ የሚያምነው ካጣ ምን ይባላል? ኒዛር ብቻ አልሳቀም። ተነሥቶ ከስቴካው አንድ ፓኮ ፈታ፤ አንዷን ለኮሰ፣ ሳባት፣ ጀላሉዲን ፊት ተንበርክኮ ዘረጋለት። የመብረዛቸው የእርቅ ሕግ ነው፤ በዳይ ለኩሶ ይሰጣል፣ ተበዳይ ከሳበ ነገሩ አለቀ፣ ካልሳበ ደም ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ከዓመታት በፊት ጀላሉዲን ራሱ ነበር። የኒዛር እንባ ጺሙ ላይ ወርዷል። ‹‹ጀላል፣ ካንተ ሌላ ወንድም የለኝም›› አለ።

ጀላሉዲን ተቀበለው። ለኒዛር ሲል ነው ብል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ሌላ ነው። ሳበ። ጭሱ ወደ ውስጥ ሲወርድ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ውስጥ ሲጮኽ የዋለው ነገር ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም ራሱን ጠላው። እርቁ ወርዷልና ሁሉም እልል ብለው ፓኮውን ተቀባበሉ፤ ሁሉም ለኮሱ። አመዱን የሚጥሉበት ቢያጡ ባንቴ የጫቱን ቅጠል ዘረጋ። ጀላሉዲን በእጁ የያዛትን በጣቶቹ ደፍጥጦ አጠፋትና ‹‹አጥፉ! ስለ አላህ አጥፉ!›› ሲል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሀያን ያመጣው መኪና ከደጅ ቆሟል።

ሀያ በሩ ላይ ደረሰች። አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ አንዱ መቃኑ ላይ። የነጣውን ግድግዳ አየች፣ ጭሱን አየች፣ አባቷን አየች። አልገባችም። በሻርፕዋ አፍንጫዋን ሸፍና ዞረችና ሻንጣዋን ሊያወርድ ለነበረው ሾፌር ‹‹ተወው፣ አታውርደው›› አለችው።

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለኒዛር ነው። ከምንጣፉ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ‹‹ሀያዬ፣ የኔ ልጅ፣ እኛ ነን! እኛ ደደቦቹ ነን! አባትሽ ጫፉንም አልነካም። ወላሂ ብዬ...››

‹‹ኒዛር!›› አለ ጀላሉዲን። ‹‹በኔ ምክንያት በሐሰት አትማል።››

ወደ ደጅ ወጣ። ልጁ አጠገብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። 

‹‹ስቤያለሁ ሀያ። አሁን፣ ከመምጣትሽ በፊት። ከጠዋት ጀምሮ አልነካሁም ነበር፤ አሁን ግን አንድ ጊዜ ሳብኩ። ጣፈጠኝ። አሁንም ያምረኛል።››

ሀያ ሻርፕዋን ከአፍንጫዋ ሳታነሣ አየችው። በልጅነቷ፣ እንደ አባቷ አባባል፣ በዚያ ቤት የሚያጨሰው ሰው ሁልጊዜ ኒዛር ነበር። መስኮቱ ሥር የተገኘው ቁራጭ የኒዛር ነው፣ ሸሚዙ የሸተተው ከኒዛር ጋር ስለዋለ ነው፣ ያ ምስኪን ሽቶ ነጋዴ የስንት ሰው ሲጋራ ሲያጨስ ኖሯል። አባቷ ‹‹አጨስኩ›› ሲል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ዕለት ነው።

‹‹ለምን ነገርከኝ?›› አለችው።

‹‹ልዋሽሽ አቃተኝ እንጂ ምኑን አውቄ። አሁን ጀዋሪያ ጋ ሂጂ። እናትሽም እዚያ ናት። ይሄን ቤት አጥበዋለሁ፤ ክፍሉንም እንደገና እቀባዋለሁ። እኔንም ቢሆን ሳታምኚኝ እንዳትመጪ።››

ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ደርሶ ሻርፕዋን አራገበው። ሀያ ወደ መኪናው ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። እሱ ካለበት አልተነቃነቀም።

‹‹ምን እዚያ ቆምክ?›› አለችው።

‹‹እሸታለሁ።››

‹‹አውቃለሁ። ሸሚዝህን ቀይር። ነገም ከሳብክ ትነግረኛለህ?››

‹‹እነግርሻለሁ።››

‹‹ወላሂ በል እንዳልልህ ወላሂህን ስንቴ ሰምቼዋለሁ።››

‹‹አልምልም። ዝም ብዬ እነግርሻለሁ።››

ሀያ የኋላውን በር ከፈተችና ሻንጣዋን ወዲያ ገፋ አደረገችው፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ። በሩ ላይ ተኮልኩለው አፋቸውን ከፍተው የሚያዩዋትን ሽማግሌዎች ተራ በተራ አየቻቸው።

‹‹ና ግባ አባ። ከነዚህ ጋር ትቼህ አልሄድም።››

ጀላሉዲን ከደጅ ገመድ ላይ የታጠበ ሸሚዝ ስቦ ለወጠ። ኒዛር በካልሲው እየሮጠ መኪናው መስኮት ላይ ደረሰና ‹‹ጀላል፣ ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም?›› ሲል ለመነው።

‹‹አልተጣላንማ፣ አንተ ከንቱ!›› አለው ጀላሉዲን፣ ጫማውን ሳያደርግ ልጁ አጠገብ እየተቀመጠ።