ከምስጋናው በኋላ

እትዬ አበሩን «እንዴት አደሩ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ካንሰሩ ከጡታቸው አልፎ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ እንኳ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ድረስ እየሄድን የምናስታምማቸው ሦስት ነን፦ ዶክተር ጃቢር፣ ነርሷ ሀጀራና አስተርጓሚዋ እኔ፣ ሙሉነሽ። እትዬ አበሩ ያሉት ዕድሜያቸውን ሙሉ በሠራተኝነት በኖሩበት በማዳም ማይሙና ቤት ነው። ማዳም የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀውላቸዋል።

ዶክተሩ ሕመሙ ከአስር ስንት እንደሆነ በፈረንሳይኛ ይጠይቃል። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ። እሳቸው ያመሰግናሉ። ማስታገሻው ሞርፊንም ባለበት መጠን ይቆያል፤ ደህና ነኝ ለሚል ሰው ምን ብሎ ይጨምር?

ያን ቀን ማዳም ማይሙና በር ላይ ተቀበሉንና በተሰባበረ አማርኛ፣ «አበሩ እንቅልፍ የለም። ትራስ ትነክሳለች» አሉን። ስንገባ ግን እትዬ አበሩ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል።

«ሕመሙስ?» አልኳቸው።

«ተመስገን ልጄ። ይልቅ እናንተ በዚህ ሙቀት... ውኃ ጠጡ እንጂ!»

ንድድ አለኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» አልኳቸው። ለታላቅ እንዲህ አይባልም፤ ግን ሰው ትራስ እየነከሰ እንዴት ደህና ነኝ ይላል?

ሀጀራ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ተያቸው» አለችኝ በፈረንሳይኛ። «የእኔም እናት አልሐምዱሊላህ ሳትል ወሬ አትጀምርም ነበር። ከምስጋናው በኋላ አምላካቸውን ምን እንደሚሉት ጠይቂልኝ።»

«እትዬ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ «ማታ ሲጸልዩ፣ ከምስጋናው በኋላ ምን ይሉታል?»

የነጠላቸውን ጥለት ሲጠቀልሉ፣ መልሰው ሲፈቱ ቆዩ።

«አጥንቴን እየቆረጠመኝ ነው፣ አልቻልኩም እለዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አትዘግይ፣ ውሰደኝ እለዋለሁ።»

እንባዬ ቀደመኝ። እንደምንም ብዬ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ዶክተር ጃቢር ቁጥር አልጠየቀም፤ መድኃኒቱን ጨመረ። ሀጀራም አሰጣጡን ለማዳም ማይሙና በሶማሊኛ ደጋግማ አስረዳቻቸው።

ከቀናት በኋላ ስንመለስ እትዬ አበሩ ተኝተው ነበር። ድምፃችንን ሰምተው ነቁ።

«እንዴት አደሩ?» አልኳቸው፣ ከልማድ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከሀጀራ ጋር ተያየን። ያንኑ «ከምስጋናው በኋላስ?» የሚለውን ጥያቄ ልደግም አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ከዚያ በኋላማ ምንም አላልኩት» አሉ ፈገግ ብለው። «እንቅልፍ ወሰደኝ።»