የቀለም ቀቢው ጫካ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ሥዕል መማር ምን ያቅተዋል? ቀለም ቀቢው እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው። ወይ አለማወቅ!

ነገሩ የመጣው ከሚስቱ ዓይን ነው። ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ከጥቂት ወር አያልፍም ብሎ እቅጩን ነገራቸው። እሷ አላለቀሰችም። ዓይኗ ሳይከዳት አንድ ነገር ማየት ብቻ አማራት፤ በአባቷ ቤት ጓሮ የነበረውን ጫካ። ከሥሩ ቆማ ቀና ስትል በቅጠሉ መሀል ቁርጥራጭ ሰማይ ይታያት ነበር። ጫካው ተመንጥሮ ካለቀ ቆይቷል፤ ፎቶ እንኳ ያነሳው የለም። "ለሱ አታስቢ፣ እኔ እሠራልሻለሁ" አላት። ከአፉ አመለጠው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልጁ የምትሆን የሥዕል መምህርት ዘንድ መመላለስ ጀመረ። በዘይት ቀለም ጫካ ሲሣል መጀመሪያ ጥላው ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቅጠሉ ይደረብና ሰማዩ የሚታይበት ቀዳዳ ይተዋል። መተው የሚባለው ነገር ነው ያቃተው። ግድግዳ ላይ ያልተነካ ቦታ የቀቢ ውርደት ነው፤ ቀዳዳ ካየ እጁን ይበላዋል። መምህርቷ ዞር ስትል ሰማዩን ጥርቅም አድርጎ ይደፍነዋል። "ጋሼ፣ ጫካውን አፈኑት እኮ" ትለዋለች። ፍቆ እንደገና ይጀምራል፤ አሁንም ቸኩሎ ሳይደርቅ ይደርብበትና ጭቃ ይሆናል። አብረውት የሚማሩት እንደ ግድግዳ ቀለም "ሁለተኛው እጅ የሚደረበው መቼ ነው?" እያሉ ይቀልዱበታል።

ቤት ሲገባ ሚስቱ በሩን ስትስተው፣ ብርጭቆ ስትገፋ ያያል። ሲጠይቃት ደህና አያለሁ፣ አንተ ብቻ ቶሎ ጨርስ ነው መልሷ። የዘይት ቀለም ደግሞ የማንንም ችኮላ አይሰማም።

አምስተኛው ሸራ ላይ እጁ ታዘዘለት። ቀዳዳዎቹን ተዋቸው፤ እንዴት እንደተዋቸው ራሱም አያውቅም። እስኪደርቅ የሚጠብቅበት አንጀት አልነበረውም፤ ሸሚዙን አረንጓዴ አድርጎ ተሸክሞት ሄደ።

መስኮቱ አጠገብ አቆመላት። ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች፣ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ባሏን መዋሸት ደክሟት ነበር መሰለኝ፣ ያየችውን ነገረችው።

"ግንዱ ይታየኛል። ከላይ ግን ጨለማ ነው፤ ሰማዩ የለም።"

ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው! ይሄ እርጉም እጄ ዛሬም ደፍኖታል ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ የእጅ ጥፋት ይታረማል። ለሱ እንኳ ሰማዩ ቦግ ብሎ ይታየው ነበር፤ ግን እሱ ማን ሆኖ ነው? የግድግዳ ሰው ስለ ሥዕል ምን ያውቃል?

በማግስቱ ጥፋቱን እንድታሳየው ሥዕሉን ወደ መምህርቷ ይዞ ሄደ። መምህርቷ ብዙ ቆማ አየችውና የእሑድ ተማሪዎቿን ጠራች። ብርሃን በቅጠል መሀል የሚገባው እንዲህ ነው፣ ኑና ተማሩ አለቻቸው። ቀቢው ክንዷን ያዛት።

"ስሞትልሽ ልጄ፣ የተደፈነ ቦታ አለው በይኝ።"

"የለውም ጋሼ። አሁን ምንም እንዳይነኩት።"

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ፊቱን ቀለም በነካው እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ እነሱም የደስታ መስሏቸው ጭብጨባውን አደመቁት።