የቢሾፑ ወንፈል

ቢሾፕ ናሁሰናይ ወደ መንደራችን ወደ ኮኪት የሚመጡት በዓመት አንዴ ነው። በየገጠሩ የተበተኑትን የሉተራን ማኅበረ ምእመናን በአውቶቡስ እየዞሩ ይጎበኛሉ። ማዕረጋቸው ቢሾፕ ቢሆንም እኛ ቄስ እያልን ነው የምንጠራቸው፤ ተቆጥተው አያውቁም።

ባለፈው ጥቅምት የመጡት ለወንጌላዊ ዋኘው ቅስና ሊሰጡ ነበር። ዋኘው ሰባት ዓመት አገልግሎናል፤ ቄስ ስላልሆነ ግን ማጥመቅም ሆነ ቍርባን ማቀበል አይችልም። ልጅ የተወለደለት ሁሉ ቢሾፑን ሲጠብቅ ይከርማል። እሳቸው ደግሞ ሰኞ ንጋት ላይ ተመላሽ ናቸው። እሑድ ካልሆነ ለከርሞ ነው።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበናል። ዋኘው ብቻ የለም።

“የጎረቤታችን የሐሚድ እርሻ ላይ ነው” አለች ሚስቱ ውድነሽ አንገቷን ደፍታ። “ሰሊጡ አፉን ከፈተበት። ተራው ለነገ ነበር፤ ንፋሱ አላስጠብቅ አለ። ዋኘው በጊዜ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር የወጣው።”

የከፈተ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ንፋስ ካገኘው ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ዋኘውና ሐሚድ ከሌሎች አራት አባወራዎች ጋር ወንፈል አላቸው፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን አብረው ይሠራሉ። የዋኘውን ባለፈው ሳምንት ጨርሰውለታል። የሰው ወንፈል በልቶ የቀረ ሰው ደግሞ ሌላ ጊዜ ቢጠራ የሚደርስለት የለም።

የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ባየልኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። “በሰንበት! ያውም በገዛ ቅስናው ዕለት! ለከርሞ ይቆይ፤ ይሄ ሰው ገና አልበሰለም።”

“ሰሊጡ ግን በስሏል” አሉ ቢሾፑ። ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው፣ አጥፈው ለውድነሽ ሰጧት። “በሉ፣ ሄደን እንየው።”

እርሻው ስንደርስ ዋኘው ከሐሚድ ጋር ሸራ እየጎተተ ነበር። ቢሾፑን ሲያይ ደነገጠ። “አባታችን፣ እየመጣሁ ነበር፤ አንድ ሰው ታሞ ቀረና…”

“ስንት ቀረህ?”

ዋኘው እጁን ዘረጋ። ሂላ የምንለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመው የሰሊጥ ክምር ከግማሽ በላይ ሳይነካ ተደርድሯል።

ቢሾፑ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የደጋ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ አንዱን ነዶ ብድግ አድርገው እንደ ስንዴ ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ፍሬው በአንገታቸው ገባ፤ የተረፈውም በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት ላይ ፈሰሰ።

“ኧረ ቄሱ!” ሐሚድ ራሱን ያዘ። “ስንዴ አይደለም እኮ! ሰሊጤን ለመሬት አበሉብኝ!”

“ታዲያ እንዴት ነው?”

“እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ራሱን ቀና አድርገው። ሸራው ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው የሚደፉት።”

“ሕፃንማ መያዝ አላጣውም” አሉ ቢሾፑ። ሁለተኛው ነዶ አንድ ፍሬ ሳይጥል ሸራው ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ቆሞ ማየት አሳፈረን። መዘምራኑም፣ ሽማግሌዎቹም ገባንበት። ጋሽ ባየልኝ እያጉረመረሙም ቢሆን ከማናችንም በላይ አራገፉ። ሰባት ሰዓት ላይ አንድም የቆመ ሂላ አልቀረም።

ጥላ ስር ውሃ ስንጠጣ ቢሾፑ ወደ ሐሚድ ዞሩ። “መጽሐፋችን፣ የሚሾም ሰው በውጭ ባሉት ዘንድ መልካም ምስክር ይኑረው ይላል። የውስጦቹን ጠይቄአለሁ። ከውጭ ግን አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም። ዋኘው እንዴት ያለ ሰው ነው?”

ዋኘው መሬት መሬቱን አየ። ሐሚድ የውሃውን ጣሳ አስቀመጠ።

“ድምፁ አያምርም። ሲዘምር ፍየሎቼ ይበረግጋሉ።” ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። “ክረምት ላይ ልጄ ወባ ጣላት። እኔ አልነበርኩም፤ መኪናም አይገባም። በዚያ ጭቃ እስከ አስፋልቱ ተሸክሞ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ቤት አድርሶ አዳናት። ለእናንተ ነግሯችሁ ያውቃል?”

ማንም አልሰማም ነበር። ውድነሽ እንኳ ባሏን ዞራ አየችው።

ጋሽ ባየልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ቅስናው በስንት ሰዓት ይሁን?”

“በዘጠኝ” አሉ ቢሾፑ ተነሥተው።

“ቆይ ቄሱ” አለ ሐሚድ። “የርስዎስ ወንፈል? መቼ ልመልስ?”

“እኔ እርሻ የለኝም።”

“ሳልመልስ አልቀርም። ነውር ነው።”

“እንግዲያው ዛሬውኑ መልስልኝ። በዘጠኝ ሰዓት መጥተህ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጥ።”

“መቀመጥ ሥራ ነው እንዴ?”

“ስብከቴን ስላልሰማህ ነው።”

ሐሚድ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ መጣ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ስብከቱ እንደተባለውም ረዘመ። በመጨረሻ ዋኘው ተንበረከከ፤ ቢሾፑም ወደ ሕዝቡ ዞረው “ለዚህ አገልግሎት ይገባዋልን?” ሲሉ ጠየቁ።

“ይገባዋል!” አልን በአንድ ድምፅ። ከኋላ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ የሐሚድ ድምፅ ተከተለ። ቢሾፑ እሱ እስኪጨርስ ጠብቀው ነው እጃቸውን የጫኑት። ቄስ ዋኘው በዚያው ዕለት አራት ሕፃናት አጠመቀ።

ውጭ ሐሚድ ቢሾፑን ጨበጣቸው። “እርስዎ ግማሽ ቀን ሠሩ፤ እኔ ግን ሙሉ ቀን የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። ትርፉን ለከርሞ ይመልሳሉ።”

ዘንድሮ ጉብኝቱ መቼ እንደሚሆን ለማወቅ ስልክ ደወልኩላቸው።

“እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?” አሉኝ። “ሐሚድን ጠይቀው።”